ቅበላው ዕጣ ቢሆን ኖሮ ይሻል ነበር

«የድህረ ምረቃ ቅበላ ዕጣ ነው» ሲባል ሳትሰሙ አትቀሩም። ያልተሳካለት ሰው ራሱን ለማጽናናት ይለዋል። የተሳካለትም «ያው ዕድሌ ሆኖ ነው» እያለ ትሕትናውን ያሳይበታል። ለአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ማመልከቻ በሚገባባቸው ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት፣ ከዚያም መልስ በሚጠበቅባቸው ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባሉት ወራት የቴሌግራም ቡድኖች በዚህ አባባል ይሞላሉ።

በሌላ በኩል ከዩኒቨርሲቲዎቹ የሚመጣው የእምቢታ ደብዳቤ አለ። እዚያ ውስጥ ዕጣ የሚባል ነገር አይነሳም። የአብዛኞቹ መንፈስ አንድ ነው፤ ፋይላችሁ በጥንቃቄ ታይቷል፣ ከሌሎቹ ጋር ተመዝኗል፣ ሌሎቹ በልጠዋል። ልክ አንድ ሰው ሁላችንንም ሚዛን ላይ አስቀምጦ ግራም በግራም የለካን ይመስላል።

እኔ ሁለቱንም አባባል እቃወማለሁ። ደብዳቤው ሂደቱ የሌለውን ትክክለኛነት ይሰጠዋል። «ዕጣ ነው» የሚለው ደግሞ የማይገባውን ክብር ይሰጠዋል። ዕጣ እኮ ፍትሐዊ ነገር ነው! ማን እንደገባበት ይታወቃል፣ የእያንዳንዱ ሰው ዕድል እኩል ነው፣ ያልወጣለትንም «አንተ ታንሳለህ» ብሎ አያሳፍርም። የድህረ ምረቃ ቅበላ ከነዚህ አንዱንም አያሟላም።

የተማርኩት ምህንድስና ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከመለኪያ መሣሪያ ጋር እውላለሁ። አንድ ሴንሰር ቁጥር ሲሰጠኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «ደግሜ ብለካው ያንኑ ይሰጠኛል ወይ?» ብዬ ነው። እስቲ ይህንኑ ጥያቄ ለቅበላ ኮሚቴ እናቅርበው።

ሁለት ዓይነት መጥፎ ሚዛን

ሥጋ ቤት ገብታችሁ አንድ ኪሎ ሥጋ ገዛችሁ እንበል። መጥፎ ሚዛን በሁለት መንገድ ያስቸግራችኋል።

የመጀመሪያው ሚዛን አይረጋም። ያንኑ ሥጋ ሦስት ጊዜ ብታስቀምጡበት አንዴ 950፣ አንዴ 1,040፣ አንዴ 1,000 ግራም ይላል። ይህን መዋዠቅ እንበለው። ሁለተኛው ሚዛን ደግሞ ጭራሽ አይንቀሳቀስም፤ ሦስቴም ብትመዝኑ ያንኑ ቁጥር ነው የሚሰጣችሁ። ችግሩ ሁልጊዜ 100 ግራም መስረቁ ነው። ይህን ደግሞ መዛነፍ እንበለው።

ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። መድኃኒታቸው ለየቅል ነው። የሚዋዥቅ ሚዛን ላይ ደጋግማችሁ ብትመዝኑና አማካዩን ብትወስዱ ስሕተቱ ይቀንሳል፤ አራት ጊዜ ብትመዝኑ በግማሽ፣ መቶ ጊዜ ብትመዝኑ ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል። የተዛነፈ ሚዛን ላይ ግን መደጋገም አይረዳም። ሺህ ጊዜ ብትመዝኑ ሺህ ጊዜ ትሰረቃላችሁ።

የቅበላ ሂደት ሁለቱም ችግሮች አሉበት። «ዕጣ ነው» የሚለው አባባል ትልቁ ጥፋቱም ሁለቱን አንድ ላይ መጨፍለቁ ነው። የሀገሬው ተወላጅ አመልካችን በአብዛኛው የሚጎዳው መዋዠቁ ነው። ከውጭ የሚያመለክተው ግን መዋዠቁም መዛነፉም አንድ ላይ ያርፉበታል። ለሁለቱም «ዕድል ነው፣ ደጋግመህ ሞክር» ብሎ አንድ ዓይነት ምክር መስጠት ለሁለት በሽታ አንድ ኪኒን እንደማዘዝ ነው።

መዋዠቁ ምን ያህል ነው?

ጥሩው ፈተና አንድን ፋይል ሳይተዋወቁ ለሁለት ኮሚቴ መስጠትና መልሳቸውን ማስተያየት ነው። የዩኒቨርሲቲ የትምህርት ክፍሎች ይህን የማድረግ ልማድ የላቸውም። የቅርብ ዘመድ በሆነ ሥራ ላይ ግን ተሞክሯል።

እ.ኤ.አ. በ2014 ኒፕስ የተባለው ትልቅ የማሽን ለርኒንግ ጉባኤ (ዛሬ ኒውሪፕስ ይባላል) ከቀረቡለት ጽሑፎች አንድ አሥረኛ ያህሉን፣ 166 ጽሑፎችን፣ ለሁለት የተለያዩ የገምጋሚ ቡድኖች ሰጠ። ሁለቱ ቡድኖች በ43ቱ ላይ ሳይስማሙ ቀሩ። «ከ166 ውስጥ 43? ያን ያህልም አይደል» ትሉ ይሆናል። ቆይ! ከጽሑፎቹ አብዛኞቹ ውድቅ ስለሚሆኑ ውድቅ በማድረግ መስማማት ቀላል ነው። ከባዱ በመቀበል መስማማት ነው። አንዱ ቡድን ከተቀበላቸው ጽሑፎች ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆኑትን ሌላው ቡድን ጥሏቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2021 ሙከራው በብዙ ጽሑፎች ላይ ሲደገምም ውጤቱ ተቀራራቢ ነበር። ገምጋሚዎቹ የዘርፉ ባለሙያዎች ናቸው፤ ሰነፎችም ክፉዎችም አይደሉም። መሣሪያው ነው የሚዋዥቀው።

አሁን ወደ ቅበላ እንምጣ። ቀጥሎ ያለው ስሌት የእኔ ምሳሌ ነው። አንድ የትምህርት ክፍል 300 አመልካቾች አሉት፣ የሚቀበለው 15 ብቻ ነው እንበል፤ ማለትም 5 ከመቶ። ሁለት ኮሚቴዎች ለሁሉም አመልካቾች ነጥብ ይሰጣሉ። የነጥቦቹ ስርጭት ደወል የሚመስለው የተለመደው ቅርጽ ነው፤ በሁለቱ ኮሚቴዎች ነጥብ መካከል ያለው ዝምድና ደግሞ 0.8 ነው እንበል። (1 ማለት ፍጹም መስማማት፣ 0 ማለት የአንዱ ነጥብ ስለ ሌላው ምንም አለመንገሩ ነው።) 0.8 በሰው ዳኝነት ከፍተኛ ስምምነት ነው፤ ብዙ ዳኞች ቢደርሱበት በኩራት የሚያወሩት ነው።

ታዲያ ከ15ቱ ስንቱ የጋራ ይሆናሉ? ወደ ግማሽ ገደማ፣ ሰባት ወይም ስምንት። ዝምድናው 0.5 ቢሆን ደግሞ ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ሦስት ወይም አራት ሰው ብቻ። ፓይተን የምትሞክሩ ከሆነ ሃያ በማይሞላ መስመር ኮድ ራሳችሁ ልታረጋግጡት ትችላላችሁ። ሞክሩት፤ ቁጥሩን በዓይን ማየት በወሬ ከመስማት ይለያል።

ይህ ለምን ይሆናል? ብዙ ሰዎች መቁረጫው መስመር አካባቢ ስለሚታጨቁ ነው። 12ኛው እና 30ኛው አመልካች መካከል ያለው የችሎታ ልዩነት ሚዛኑ ከሚዋዥቅበት መጠን ያንሳል። መስመሩን እዚያ መሃል ስታሰምሩ፣ ማን ከላይ ማን ከታች እንደሚውል የሚወስነው በከፊል የሚዛኑ መንቀጥቀጥ ነው።

ግን ሌላውንም ጎን እዩት። ሂደቱ ንጹሕ ዕጣ ቢሆን ኖሮ በሁለቱ ኮሚቴዎች የጋራ ምርጫ ውስጥ የሚገኘው ሰው በአማካይ አንድ እንኳ አይሞላም ነበር፤ የ15 ሰው 5 ከመቶ 0.75 ነው። ስለዚህ ሰባትም ሆነ ሦስት ከዕጣ በጣም ይለያል። ዝግጅታችሁ ለውጥ ያመጣል። ከ200ኛ ወደ 30ኛ ያደርሳችኋል። ከ30ኛ ወደ 12ኛ የሚያደርሳችሁ ግን ብዙውን ጊዜ ንፋሱ ነው።

ኮሚቴው በመጨረሻ ደረጃ የሚያወጣው ልዩነት ምን ያህል ትርጉም እንዳለው የሚያሳይ አንድ የቆየ ታሪክ ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1979 በሂዩስተን የሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት 150 ተማሪዎችን ከመረጠ በኋላ፣ የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት 50 ተጨማሪ ተማሪዎች እንዲቀበል አዘዘው። ጊዜው ስለረፈደ ቃለ መጠይቅ ከተደረገላቸው 800 ሰዎች መካከል ያልተያዙት በዝርዝሩ ታች፣ ከ700ኛ እስከ 800ኛ ደረጃ ያሉት ነበሩ። ሃምሳዎቹ ከነሱ ተወሰዱ። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው ጥናት ሁለቱን ቡድኖች በትምህርታቸውም፣ በሆስፒታል ልምምዳቸውም፣ ከምረቃ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ዓመት ሥራቸውም ሲያወዳድር የሚጠቀስ ልዩነት አላገኘም። ልብ በሉ፤ 800ዎቹም ለቃለ መጠይቅ የተጠሩት በትምህርት ውጤታቸው ቀድመው ተጣርተው ነው። ታሪኩ «ማንም ሰው ሐኪም ይሆናል» አይልም። የመጀመሪያው ወንፊት ካጣራ በኋላ ያ ሁሉ የቃለ መጠይቅ ደረጃ የጨመረው ነገር አለመገኘቱን ነው የሚለው።

በሩ ተዘግቶ ምን ይደረጋል?

ጁሊ ፖሴልት የተባለች የትምህርት ተመራማሪ በአሜሪካ ሦስት ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ስለሚገኙ አሥር ስመ ጥር የፒኤችዲ ፕሮግራሞች አጥንታ እ.ኤ.አ. በ2016 መጽሐፍ አውጥታለች። የኮሚቴ ስብሰባዎች ላይ ተቀምጣ አዳመጠች፣ ፕሮፌሰሮቹንም አነጋገረች። ያገኘችው ምስል በደብዳቤው ላይ ከምናነበው ይለያል። መጀመሪያ በቁጥር፣ ማለትም በፈተና ነጥብና በጂፒኤ፣ ብዙው ሰው ይወርዳል። ከዚያ ለቀሩት ጥቂቶች «ጥሩ ተማሪ» የሚለው ቃል ትርጉሙ ይቀየራል፤ ከየት ተመረቀ፣ ማን ደገፈው፣ ከእኛ ጋር ይሄዳል ወይ የሚሉት ጥያቄዎች ይመጣሉ። ፕሮፌሰሮች የራሳቸውን መንገድ የሚያስታውሷቸውን አመልካቾች የመውደድ ዝንባሌም ታይቶባቸዋል።

መጽሐፉን እወደዋለሁ፤ አንድ ነገር ግን ይጎድለዋል። ፖሴልት ሰዎቹ እንዴት እንደሚያስቡ በደንብ ታሳየናለች፤ ያው ኮሚቴ በሌላ ሳምንት ቢሰበሰብ ምን ያህሉን ውሳኔ እንደሚደግም ግን አይለካም። እንደ መሐንዲስ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፤ የመዛነፉን ምንጭ አገኘን፣ የመዋዠቁን መጠን ግን አላገኘንም።

ከሰዎቹ አስተሳሰብ ውጭ ያሉ የመዋዠቅ ምንጮችም አሉ። አምና ከተጠበቀው በላይ ተማሪ «እሺ» ካለ ዘንድሮ ያለው ቦታ ያንሳል። እናንተ የምትፈልጉት ፕሮፌሰር የምርምር ገንዘቡ ዘንድሮ ካለቀ ፋይላችሁ ቢያበራም የሚወስደው የለም። አብዛኞቹ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች በተስማሙበት ደንብ መሠረት የገንዘብ ድጋፍ የቀረበለት ሰው እስከ ኤፕሪል 15 መልስ የመስጠት ግዴታ የለበትም። ስለዚህ ተጠባባቂ ዝርዝር ላይ ያለ ሰው ዕጣ ፈንታው ከማያውቀው ሰው የመጨረሻ ቀን ውሳኔ ጋር ይታሰራል። እ.ኤ.አ. በ2025 የጸደይ ወራት ደግሞ የፌዴራል የምርምር በጀት ሲናጋ አንዳንድ ተቋማት አስቀድመው የሰጡትን የፒኤችዲ ቅበላ ሰርዘዋል፤ የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ቻን የሕክምና ትምህርት ቤት አንዱ ነው። እዚህ ውስጥ የአመልካቹ ችሎታ የት ገባ? የትም።

ይህ ሁሉ የሀገሬውንም የውጭውንም አመልካች እኩል ይመታል። ከዚህ በኋላ ያለው ግን እኩል አይመታም።

ለውጭ አመልካች ሚዛኑ የት ላይ ይዛነፋል?

አንደኛ፣ ገንዘብ። በአሜሪካ የብሔራዊ ሳይንስ ፋውንዴሽን ትልቁ የድህረ ምረቃ ፌሎሺፕ ለዜጎችና ለቋሚ ነዋሪዎች ብቻ ነው። የብሔራዊ ጤና ተቋማት ለዩኒቨርሲቲዎች የሚሰጡት የሥልጠና ገንዘብም እንዲሁ። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ ሌላ ልዩነት አለ። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሥርዓት ከክፍለ ግዛቱ ውጭ የመጣ የድህረ ምረቃ ተማሪ በዓመት 15,102 ዶላር ተጨማሪ ይጠየቅበታል፤ ለፒኤችዲ ተማሪ ይህን አብዛኛውን ጊዜ የሚሸፍነው ክፍሉ ወይም ፕሮፌሰሩ ነው። ከቴክሳስ የመጣ አሜሪካዊ አንድ ዓመት ከኖረ በኋላ ነዋሪ ተብሎ ይህ ክፍያ ይቀርለታል። በተማሪ ቪዛ የመጣው ግን ይህ መንገድ ዝግ ነው፤ ክፍያው የሚነሳለት የፒኤችዲ ዕጩነት ደረጃ ላይ ሲደርስ ነው። ስለዚህ ሁለት እኩል ፋይሎች ጠረጴዛ ላይ ሲቀርቡ አንደኛው ዋጋው ይወደዳል። ይህ ዕድል አይደለም፤ ሒሳብ ነው። በግል ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያው ለሁሉም አንድ ስለሆነ ይህኛው ክፍተት የለም። ልዩነቱ የሚቀጥለውን ምርጫችሁን ሊቀይር ይችላል፤ በደብዳቤ ላይ ግን አይጻፍም።

ሁለተኛ፣ የማይታወቅ ፋይል። የኮሚቴው አባል ከአንድ የሚያውቀው ኮሌጅ የመጣ 3.6 ምን ማለት እንደሆነ ከልምድ ያውቃል። ከጅማ ወይም ከባሕር ዳር የመጣ 3.6 ሲያይ ግን የሚያነጻጽረው ነገር የለውም። ያ ክፍል ኤ የሚረጨው ነው ወይስ የሚሰስተው? የድጋፍ ደብዳቤውን የጻፉትን መምህር አያውቃቸውም፤ «በጣም ጎበዝ ተማሪ ነው» ሲሉ ለሁሉም የሚሉት ይሁን በአሥር ዓመት አንዴ የሚሉት አያውቅም። ሰው ያላወቀውን ነገር ወደ መሃል ይጎትተዋል፤ አሪፉን ፋይል «ምናልባት ደህና ነው» ብሎ ያልፈዋል። ፖሴልትም በተለይ ከቻይና የሚመጡ አመልካቾች የቋንቋ ፈተና ውጤት በጥርጣሬ እየታየ፣ በስልክና በቪዲዮ ቃለ መጠይቅ እንዴት እንደሚጣራ ጽፋለች። ጥርጣሬው በአንድ ሰው ላይ የተነሳ አልነበረም፤ በመጣበት ሀገር ላይ ነበር።

ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ ብዙ ፕሮግራሞች ጂአርኢን መጠየቅ አቁመዋል። 220 ዶላር ለማይችል ሰው እፎይታ ነው፤ ፈተናው የራሱ መዛነፍ ስላለበትም ለውጡን የሚደግፉ ብዙ ናቸው። ይሁንና ስሙ የማይታወቅ ዩኒቨርሲቲ ለጨረሰ ሰው ያ ነጥብ ከሌላው ጋር በአንድ መስመር የሚያሰልፈው ብቸኛ ቁጥር ሊሆን ይችላል። አንድ ሴንሰር ስታነሱ ክብደቱ ወደ ቀሩት ይሸጋገራል፤ የቀሩት ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ስምና የደጋፊ ስም ናቸው።

ሦስተኛ፣ ደጋግሞ የመመዘን ዋጋ። የመዋዠቅ መድኃኒት መደጋገም ነው ብለናል። አንድ ፕሮግራም የመግባት ዕድላችሁ 10 ከመቶ ቢሆን፣ ውሳኔዎቹም እርስ በርስ የማይነካኩ ቢሆኑ፣ አሥር ቦታ ስታመለክቱ ቢያንስ አንድ የማግኘት ዕድላችሁ 65 ከመቶ ይደርሳል። ደስ የሚል ቁጥር ነው። ግን አንደኛ፣ መደጋገም ገንዘብ ያስከፍላል። ለአንድ ማመልከቻ ከ75 እስከ 125 ዶላር የተለመደ ነው፤ አሥሩ ወደ 1,000 ዶላር ይጠጋል። የክፍያ ነፃ ዕድል ከሚሰጡት ውስጥ ብዙዎቹ ለአሜሪካ ዜጎችና ለቋሚ ነዋሪዎች ብቻ ነው የሚፈቅዱት። በኢትዮጵያ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በፊት 57 ሺህ ብር ገደማ የነበረው ያ 1,000 ዶላር በወራት ውስጥ ከ100 ሺህ ብር አለፈ፤ ያውም ዶላር የሚከፍል ካርድ ከተገኘ። ሁለተኛ፣ ውሳኔዎቹ እርስ በርስ ይነካካሉ። አሥሩም ኮሚቴዎች ፋይላችሁን የሚያሳንሱት በአንድ ምክንያት ከሆነ፣ ለምሳሌ ዩኒቨርሲቲያችሁን ስለማያውቁት፣ አሥር ማመልከቻ አንድ ማመልከቻ ነው። እዚህ ላይ ነው «ደጋግመህ ሞክር» የሚለው ምክር የሚከሽፈው።

በመጨረሻም ቪዛ አለ። ኮሚቴው «ግባ» ካለ በኋላም የቆንስላ ሠራተኛ በጥቂት ደቂቃ ቃለ መጠይቅ ሁሉን ሊሽር ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2025 ግንቦት መጨረሻ ላይ አሜሪካ አዲስ የተማሪ ቪዛ ቀጠሮ መስጠት ለሳምንታት አቁማ ነበር፤ የተመረጡት ተማሪዎች ለመጓዝ በሚዘጋጁበት ወቅት ማለት ነው። የሀገሬው አመልካች ይህን በር ጭራሽ አያየውም።

ይህን ያነበበ አሜሪካዊ ወጣት «ታዲያ የውጭ ተማሪ ቦታዬን ወሰደ የሚሉኝስ?» ሊል ይችላል። ገንዘቡ ከፊሉ በተለያየ ቋት ስለሚቀመጥ ሁለቱ ብዙ ጊዜ ለአንድ ወንበር አይሻሙም። ሁለቱም የሚጎዱት ቋቶቹ ስንት ስንት እንደያዙ ስለማይነገራቸው ነው።

ቀመር ብቻውን ያድናል?

«እንግዲያው ሰውን አውጥተን በቀመር እናድርገው» የምትሉ ትኖራላችሁ። ጀርመን በከፊል አድርጋዋለች። ብዙ የጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች የውጭ ውጤትን የሚቀይሩት «የተሻሻለው የባቫሪያ ቀመር» በሚባለው ነው። ከከፍተኛው ነጥብ ላይ የእናንተን ትቀንሳላችሁ፣ በከፍተኛውና በዝቅተኛው ማለፊያ ልዩነት ታካፍላላችሁ፣ በ3 ታባዙና 1 ትደምራላችሁ። ከፍተኛው 4.0፣ ማለፊያው 2.0 ሆኖ 3.5 ያለው ሰው 1.75 ያገኛል፤ 3.0 ያለው 2.5። (በጀርመን ትንሹ ቁጥር ነው ጥሩው።) ብዙ የማስተርስ ፕሮግራሞች 2.5 ወይም የተሻለ ስለሚጠይቁ፣ ገና ገንዘብ ሳትከፍሉ የት እንደቆማችሁ ታውቃላችሁ። ይህ ትልቅ ክብር ነው።

ግን ወደ ሚዛናችን እንመለስ። ይህ ቀመር አይዋዥቅም፤ ይዛነፋል። 4.0 የትም ቦታ በእኩል ላብ የሚገኝ አድርጎ ነው የሚያስበው። ኤ የማይሰጥ መምህር የገጠመው ተማሪ በየጊዜው ያንኑ ያህል ይቀነስበታል፤ ልክ እንደዚያ 100 ግራም። ልዩነቱ ሌብነቱ በግልጽ መጻፉ ነው፤ የተጻፈን ነገር ደግሞ መከራከር ይቻላል።

እንግዲህ ዕጣ ይሁን?

በከፊል፣ አዎ። ሐሳቡ አዲስም አይደለም። የኒውዚላንድ የጤና ምርምር ምክር ቤት በ2013 እ.ኤ.አ. በአንድ የምርምር ድጋፍ ዘርፍ ብቁ ከሆኑት መካከል በዕጣ መምረጥ ጀመረ። የጀርመኑ ቮልክስዋገን ፋውንዴሽን በ2017 ተከተለው፤ የስዊዘርላንድ ብሔራዊ ሳይንስ ፋውንዴሽን ደግሞ ከ2021 ወዲህ መቁረጫው መስመር ላይ እኩል የሆኑ ማመልከቻዎችን በዕጣ እንዲለይ ፈቅዷል። በኔዘርላንድስም ለአሥርታት የሕክምና ትምህርት መግቢያ በዕጣ ነበር፤ የተሻለ ውጤት ያለው ሰው የተሻለ ዕድል እንዲኖረው ተደርጎ።

ጥቅሙ ግልጽ ነው። 12ኛውን ከ30ኛው መለየት ካልቻላችሁ «ለይተናል» አትበሉ። ዲቪ ሞልቶ ያልወጣለት ሰው «እኔ ዋጋ የለኝም» ብሎ አያለቅስም፤ ዕጣ መሆኑን ያውቃላ!

ግን ዕጣም በራሱ ንጹሕ አይደለም። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የወጣው የኮንዶሚኒየም ዕጣ መረጃው ላይ እጅ መግባቱ ስለተደረሰበት መሰረዙን ታስታውሳላችሁ። ዕጣ የሚታመነው የዕጣው ዝርዝርና ማሽኑ በውጭ ሰው ሊመረመሩ ሲችሉ ነው። ደግሞም ዕጣ የሚያክመው መዋዠቅን ብቻ ነው። መጀመሪያ ወንፊቱ ላይ የተዛነፈው ነገር፣ ገንዘቡና የማይታወቀው ፋይል፣ ዕጣው ሳጥን ውስጥ ከመግባቱ በፊት ሥራውን ጨርሷል።

ስለዚህ ከዕጣው በፊት ሁለት ነገር ያስፈልጋል። ክፍያ ከመቀበላቸው በፊት «ዘንድሮ በገንዘብ የምንደግፈው ይህን ያህል ሰው ነው፤ ከውጭ ልንወስድ የምንችለው ይህን ያህል ነው» ብለው ይንገሩን። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱን ፋይል ሁለት ሰው ሳይነጋገር፣ በተጻፈ መስፈርት ያንብበው፤ ልዩነታቸውም ይመዝገብ።

እናንተስ?

የእምቢታ ደብዳቤ ሲደርሳችሁ እንደ አንድ ንባብ ቁጠሩት፤ ከሚዋዥቅ፣ ምናልባትም ከተዛነፈ ሚዛን የተገኘ አንድ ንባብ። አንድ ቁጥር ላይ ተመሥርቶ ሙያ የሚቀይር መሐንዲስ አይቼ አላውቅም።

ስታመለክቱ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ዓይነቱን አብዙ። አሥር ተመሳሳይ የአሜሪካ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አንድ ዓይነት መዛነፍ አላቸው። ከነሱ ጥቂት፣ ከግል ጥቂት፣ በቀመር ከሚሠሩት ጥቂት፣ ፒኤችዲን እንደ ሥራ ማስታወቂያ ከሚያወጡት የአውሮፓ ሀገሮች ጥቂት ብትወስዱ አንዱ የሰረቀውን ሌላው ላይሰርቀው ይችላል።

የማይታወቀውን ፋይል አሳውቁ። መምህራችሁ «ጎበዝ ነው» ከማለት «ካስተማርኳቸው ይህን ያህል ተማሪዎች ከላይ ሁለተኛው ነው» ብለው ቢጽፉ ለኮሚቴው መለኪያ ይሰጡታል። በክፍላችሁ ያላችሁን ደረጃ የሚገልጽ ወረቀት ከሬጅስትራር ማውጣት ከቻላችሁ አያይዙት። የማመልከቻ ክፍያ እንዲነሳላችሁ፣ አምና ስንት የውጭ ተማሪ በገንዘብ እንደተደገፈ በኢሜይል ጠይቁ። መልስ የማይሰጥ ክፍልም በዝምታው አንድ ነገር ነግሯችኋል።

ከተሳካላቸው ሰዎች የምትሰሙትን ምክርም በልክ ውሰዱት። «እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፣ ገባሁ» የሚለው የዩትዩብ ቪዲዮ እውነት ሊሆን ይችላል። እንዲሁ ጽፎ ያልገባው ሰው ግን ቪዲዮ አይሠራም።

ከእናንተ መካከል አንዳንዶቻችሁ ከአሥር ወይም ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ትቀመጣላችሁ፤ አዲስ አበባም ይሁን አትላንታ። ያን ጊዜ ሃያ ፋይል ምረጡና ሳይተያዩ ለሁለት ባልደረቦቻችሁ ስጡ። ከሰዓት በኋላ በምትጨርሱት ሥራ ሚዛናችሁ ምን ያህል እንደሚዋዥቅ ታውቃላችሁ። ውጤቱን ደግሞ ለአመልካቾቹ ንገሯቸው።